ፕላዝማ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ

ቦሌ ውስጥ ዛሬ ያለ ሰበብ የሚሸጥ ዕቃ የለም። ጫማው ለወገብ ነው፤ ውኃው ለቆዳ ነው፤ ሻዩ ለእንቅልፍ ነው። የልጆች መጫወቻ ከሆነ ደግሞ ምንም ይሁን ምን «ለትምህርት» ነው። እኛ ስናድግ መጫወቻ መጫወቻ ነበር። የጨርቅ ኳሳችንን ከአሮጌ ካልሲ ስንሰፋ ስለ እጅና ዓይን ቅንጅት የሚያወራ ሰው አጠገባችን አልነበረም። የነበረው የካልሲው ባለቤት ነው፤ እሱም የሚያወራው ሌላ ነገር ነበር።

አሁን ደግሞ የመስታወት ኳስ መጥቷል። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ከብርቱካን ተለቅ፣ ከጥቅል ጎመን አነስ ይላል፤ ጥቁር የፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ መካከሉ ላይ አንዲት ትንሽ ጉልላት ቆማለች። ሲሰካ ከጉልላቷ ሐምራዊ የብርሃን ክሮች ወደ መስታወቱ ይዘረጋሉ፤ ይጥመለመላሉ፤ ይቀጣጠላሉ፤ መልሰው ይጠፋሉ። ጣት ሲያርፍበት ክሮቹ ይሰበሰቡና አንድ ወፍራም ክር ሆነው ጣቱ ሥር ይቆማሉ። ጣቱ ሲሄድ ይሄዳሉ። ከመድኃኔዓለም እስከ ኤድና ሞል ባለው አካባቢ መስኮት ለመስኮት ስዞር ያላየሁበት የስጦታ ዕቃ መደብር ጥቂት ነው። ካፌ ውስጥም አይቼዋለሁ፤ ማኪያቶ ከምትቀዳው ልጅ አጠገብ ቆሞ ብቻውን ይብለጨለጫል፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

የእኛ ቤቱን የገዛው ልጄ ነው፤ ለልጁ ልደት። የዋጋውን ወረቀት ልጦ ነው ያመጣው፤ ለጡረተኛ ልብ አስቦ ይሆናል። ስንት ነው ስለው «አባዬ፣ ለትምህርት እኮ ነው» አለኝ። ዋጋ ሲጠየቅ ዓላማ መመለስን ከየት እንደተማረ አላውቅም፤ ከእኔ አይደለም።

ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ከሰፈሬ ከሰሚት ታክሲ ይዤ ሱቁ ድረስ ወረድኩ። ባለሱቁ ጸጉሩን በአንድ ጎን የተላጨ ጎረምሳ ነው።

«ፋዘር፣ ኦሪጅናል ነው፤ ይውሰዱት።»

«መውሰዱንስ ወስደነዋል። እዚህ መስታወት ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አየር ነው ፋዘር።»

«አየር ከሆነ እዚህ በእኔና በአንተ መካከል ያለው ለምን እንዲህ አያበራም?»

ትንሽ አሰበ። «ያ የቻይና አየር ነው» አለኝ።

ከዚህ በላይ መልስ የሚሰጥ ሱቅ ቦሌ ውስጥ እንደሌለ ስለማውቅ አመስግኜ ወጣሁ። ደግሞ ልጁ ጨርሶ አልሳተም። ኳሱ ውስጥ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ኒዮንና አርጎን፣ አንዳንዴም ዜኖን ወይም ክሪፕተን የሚባል ጋዝ ነው። አርጎኑ ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ የሚሆነው ራሱ ነው። ቻይና የጨመረችበት ማሸጉን ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የማውቀው የፊዚክስ መምህር ስለነበርኩ ነው። ለዚህም ነው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳነብ ደሜ የፈላው። ምን ይላል? «ፕላዝማ» ይላል።

ወገኖቼ፣ እኔና ፕላዝማ የቆየ ቂም አለን።

በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ሰፊ ቴሌቪዥን ተተከለ። የስክሪኑ ሥሪት ፕላዝማ ስለነበር አገሩ በሙሉ ፕላዝማ አለው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ በእንግሊዝኛ ይወርዳል፤ ሒሳቡም ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛው የእሱ ነው። ለመምህሩ የተተወለት መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሷንም ሳጥኑን ስንከፍትና ስንቆልፍ እንጨርሳታለን።

ፕላዝማ ጎበዝ መምህር ነበር፤ አይካድም። ሥዕሉ ያምራል፤ ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ሞገዱ ይሞገዳል፤ እኔ በጠመኔ አንድ ሰዓት የምሥለውን እሱ በዓይን ጥቅሻ ያሳያል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ አይሰማም። ተማሪ እጁን ያወጣል፤ ፕላዝማ ይቀጥላል። ተማሪ ሁለት እጁን ያወጣል፤ ፕላዝማ ይቀጥላል። «አሁን ይህችን ጥያቄ ሥሩ» ብሎ ደቂቃ ይሰጣል፤ ልጆቹ ጥያቄዋን ቀድተው ሳይጨርሱ ሰዓቷ ታልቅና «በጣም ጥሩ!» ይላቸዋል። ምኑን አይቶ ነው ጥሩ የሚለው? ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ስማቸውን እንኳ አልጻፉም። እኔ ጠመኔዬን ኪሴ ከትቼ በሩ ሥር እቆማለሁ። ማብራትና ማጥፋት ነበር ሥራዬ። ተማሪዎቼ ይህን አይተው አንድ ስም አወጡልኝ፤ «ሪሞት» አሉኝ። ቅጽል ስም በማውጣት በኩል ያ ትውልድ ምንም ፕላዝማ አላስፈለገውም።

ደስ የሚለኝ መብራት ሲጠፋ ነበር። ይህን ያኔ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን ግን ከደመወዜ የሚቆርጥ የለም። ስክሪኑ ድርግም ሲል ክፍሉ ወደ እኔ ይዞራል። ቢክ እስክሪብቶ ጸጉሬ ላይ አሽቼ የወረቀት ቁርጥራጭ አስነሳለሁ፤ በተለይ በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ወረቀቱ ዘሎ ይለጠፋል። «ለምን?» የሚል ይመጣል። ከዚያ «ለምን?» ላይ ተነስተን ኤሌክትሮን ድረስ እንሄዳለን። ጸጉር የነበረኝ ዘመን ነው።

አሁን ቂሜን የሚያብሰው ነገር ልንገራችሁ። ያ ስክሪንና ይህ ኳስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የፕላዝማ ስክሪን ማለት በዓይን የማይለዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ማለት ነው፤ በየክፍሉ ኒዮንና ዜኖን ታሽጎበታል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጋዙ ዓይናችን የማያየውን ጨረር ይረጫል፤ ጨረሩ የተቀባውን ዱቄት ይመታና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ያደርገዋል። እኔን ከጥቁር ሰሌዳ ያፈናቀለኝ ጋዝ ነው አሁን በመስታወት ታሽጎ፣ ሪባን ታስሮለት፣ ቡፌዬ ላይ ከብርሌዎቹ ጎን የተቀመጠው። የምጽናናበት አንድ ነገር አለ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በፈረንጆቹ 2014 አካባቢ የፕላዝማ ቴሌቪዥን መሥራት አቁመዋል። እኔ ግን ይኸው አለሁ፤ ስኳርና ደም ግፊት ይዤም ቢሆን።

እንግዲህ ኳሱ ቤት ገባ። እኔም ሶፋው ጥግ ተቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ። ምን ትጠብቃለህ አትሉኝም? ጥያቄ ነዋ! ይሄኛው ፕላዝማ እንደዚያኛው ደንቆሮ አይደለም። ጣት ሲቀርበው ያውቃል፤ ሲነኩት ይመልሳል፤ ሲለቁት ይተዋል። ልጅ በጣቱ ሊያናግረው የሚችል ፊዚክስ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ይህችን አንዲት ኳስ ባገኝ ኖሮ የኤሌክትሪክን ምዕራፍ ሳምንት ሙሉ ያለ ደብተር ባስተማርኩ ነበር። አሁን ቤቴ መጣችልኝ፤ ጠያቂው ነው የጠፋው።

የልጅ ልጄ የመጀመሪያው ቀን ነካው፤ ሳቀ፤ ምላሱን አስነካው፤ እናቱ ጮኸች፤ አለቀ። በማግስቱ «አባባ፣ ግሪን ያደርጋል?» አለኝ። አያደርግም አልኩት። ቅር ብሎት ወደ ታብሌቱ ሄደ። ምራቴ መኝታ ቤቷ ልትወስደው አሰበች፤ ለሙድ ይሆናል ትላለች። ሙድ ምን እንደሆነ ጠይቄ ከተነገረኝ በኋላም አላወቅሁትም። ትልቋ የልጅ ልጄ ደግሞ እጇን ኳሱ ላይ ጭና፣ ፊቷን ሐምራዊ አስመስላ፣ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ስንት ሰው እንዳየው ነገረችኝ፤ ቁጥሩ ካስተማርኳቸው ተማሪዎች ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ሁሉ ተመልካች «ክሩ እጅሽን እንዴት አወቀ?» ብሎ የጻፈ አለ ወይ አልኳት። «የሊፕስቲኬን ስም ነው የጠየቁት» አለችኝ።

በዚህ ቤት ደህና ጥያቄ የጠየቀችው ባለቤቴ ብቻ ነች። ጓዳ ሆና «ለመሆኑ ያ ነገር ስንት ይበላል?» አለች። ተነሳሁ! መነጽሬን አድርጌ ከመቀመጫው ሥር የተጻፈውን አነበብኩ፤ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል። ሲባዛ 5 ዋት። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3,500 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ምጣድ ሲጣድ ሰባት መቶ ኳስ እንደተበራ ቁጠሪው አልኳት። በዚያው ሙቀት ቀጥዬ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነውና በሙሉ አቅሙ ሲያመነጭ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ኳስ ያበራል፣ ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ብዙ ኳስ ይደርሰዋል አልኳት። ባለቤቴ ጓዳ በር ላይ ብቅ አለችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «እኔ የጠየቅኩህ የመብራት ካርዱ እስከ ወር መጨረሻ ይደርሳል ወይ ነው።»

ይደርሳል። እስካሁንም ካርዱን የሚጨርሰው ምጣዱ ነው።

ማንም ስላልጠየቀኝ፣ መጠየቅ የነበረበትን ራሴ ጠይቄ ራሴ እመልሳለሁ። ይህ የጡረተኛ መብት ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች በየዕለቱ ሦስት ዓይነት ኮረንቲ አጠገብ እናልፋለን። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር፣ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ ወደ መገናኛ ሲሄድ፣ በላዩ የተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ይዟል። ሦስተኛው ይህ ኳስ ነው፤ መሐሉ ያለችው ጉልላት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ላይ ነች። ሶኬት አጠገብ ሕፃን ሲጠጋ ቤቱ በሙሉ ይጮኻል። የባቡሩን ሽቦ ማንም አይደፍርም። ከሁሉም የበለጠ ቮልት ያለውን ግን በልደት ቀን ሪባን አስረን «ና ሳመው» እንለዋለን! ልጁ ሳመው፤ አልሞተም። ለምን አልሞተም? ይህን ያልጠየቀ ቤተሰብ ምን ሊጠይቅ ነው?

ያልሞተው የሚጎዳው ቮልቱ ብቻውን ስላልሆነ ነው። የሚጎዳው ሰውነታችን ውስጥ የሚያልፈው የኮረንቲ ብዛት ነው። ኳሱ ያለው ጉልበት 5 ዋት ነው ብለናል፤ ይህን ለ5,000 ቮልት ብታካፍሉት የሚወጣው የአምፔር አንድ ሺኛ ነው፤ ያውም ሁሉም እናንተ ውስጥ አያልፍም። ሶኬቱ ግን ቮልቱ አነስ ቢልም ከኋላው ጣቢያው በሙሉ ቆሟል፤ የሚፈልገውን ያህል አምፔር ይለቃል። በቮልት ብዛት አትደንግጡ፤ በቮልት ማነስም አትኩራሩ። በየዓመቱ ይህንን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ፈተና ላይ ግማሹ ይስተዋል።

ክሩ ጣት የሚከተለውስ? መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ብለን አስተምረን የለም? ልክ ነው፤ ግን የኳሱ ኮረንቲ በሰከንድ በአስር ሺዎች ጊዜ አቅጣጫውን ይቀያይራል፤ የቤታችን 50 ዙር ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት ለሚገለባበጥ ኮረንቲ መስታወት የተዘጋ በር አይደለም። ሰው ደግሞ ውኃና ጨው ስለሆነ ለኤሌክትሪክ ይመቻል። እጃችሁን ስታስጠጉ ከጉልላቷ ወደ እናንተ ያለው መንገድ ከሌላው ሁሉ የቀለለ ይሆናል፤ ክሩም ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። በመንገዱ ላይ ያሉት የጋዝ አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ይነጠቃሉ፤ መልሰው ሲያገኙ ደግሞ ያበራሉ። ያ ኤሌክትሮን የተነጠቀ ጋዝ ነው ፕላዝማ የሚባለው። ፀሐይ እሱ ነች፤ መብረቅም እሱ ነው። ካልነካችሁት ደግሞ ክሮቹ ወደ ላይ ወደ ላይ ሲሳቡ ታያላችሁ፤ ክሩ ያሞቀው ጋዝ ቀሎ ስለሚነሳ ነው። ቦሌ ላይ ይህችን ያስተዋለ ሰው ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ፤ ማኪያቶ አልልም፤ ጡረታዬ አይፈቅድም።

መብረቅ ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ በክረምት ሰማዩ ሲያጉረመርም ቀይ ልብሳችንን ታስወልቀን ነበር፤ ከዛፍ ሥርም ታስነሳናለች፤ ከዚያ «መጋቤ ብርሃናት ራጉኤል» ትላለች። በዛፉ ትክክል ነበረች። በቀዩ አልነበረችም፤ መብረቅ ቀለም አይመርጥም። በራጉኤል ነገር የፊዚክስ መምህር አይገባም። ዛሬ የልጅ ልጄ መብረቁን ቡፌ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ሲያንጎራድደው ብታይ ምን እንደምትል አላውቅም። ምናልባት ነጠላ ታለብሰው ነበር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን አልብሳዋለችና ነው ይህን ማለቴ። ለቡና መጥታ አየችው፤ አማተበች፤ ነጠላዋን ጣል አደረገችበትና «አሁን ይቀዳ» አለች። ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ ሰይጣን ነው ያሉ ካህናት ነበሩ እየተባለ ሲተረክ ሰምተናል፤ እሷ ግን ያን ዕለት በሰይጣን ስልክ ሁለት ጊዜ ተነጋግራለች።

በዕድሜ እንኳ ከዚህ ዕቃ አንበልጥም፤ የልጅ ልጁ ነን። ኒኮላ ቴስላ አንዲት ጉልላት ያላትን ይህን መሰል የመስታወት መብራት የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በፈረንጆቹ 1894 ነው፤ ለአድዋ ሁለት ዓመት ሲቀር! በምኒልክ ቤተ መንግሥት ጄኔሬተር የገባው ከድሉ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የምናየውን መልክ ያስያዘው ደግሞ ቢል ፓርከር የሚባል የኤም አይ ቲ ተማሪ ነው፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ መደብሮች ሲቸበቸብ እኛ የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፈን ነበር። ቦሌ ላይ «አዲስ ገባ» የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ቦሌ ራሱም አዲስ ገብ ነው፤ ጄት መጥቶ የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠበው ነው አውሮፕላኑ ወደዚህ የተዛወረው። አሁንም በየቀኑ በራሳችን ላይ ዝቅ ብሎ ሲወርድ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ያ አውሮፕላን፣ በነገራችን ላይ፣ በአማካይ በዓመት አንዴ ያህል መብረቅ ይመታዋል፤ ቆዳው ኮረንቲ አስተላላፊ ስለሆነ ኮረንቲው በውጭ በኩል ተንሸራቶ ያልፋል፤ ውስጥ ያለው መንገደኛ ጭማቂውን ይጠጣል። ይህንንም ማንም አልጠየቀኝም።

ማስጠንቀቂያው ላይ አላገጥም። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት አለች፤ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነች። የልብ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው እንዳይጠጋ፣ ስልክና ታብሌት አጠገቡ እንዳይቀመጥ፣ መስታወቱ ላይ ሳንቲም ወይም አሉሚኒየም እንዳይደረግ ትላለች። የመጨረሻዋ የቀልድ አይደለችም፤ ሳንቲም አድርጋችሁ ጣት ብታስጠጉ ፍንጣሪ ይዘላል፤ ያቃጥላል። ወረቀቷን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የታብሌቱ ቻርጀር ተጠቅልሎባት ነበር።

ክረምት ላይ ነው፣ አንድ ምሽት መብራት ሄደ። መሄዱ ዜና አይደለም። የሚሄድበትን ሰዓት መምረጡ ነው የሚያናድደኝ፤ ሁልጊዜ ወጡ ሊወጣ ሲል ነው። ሻማ ተፈለገ፤ ሻማ የለም፤ ሻማ ለመግዛት ማን በጨለማ አራተኛ ፎቅ ይወርዳል? ልጄ ኳሱን ነቅሎ ፓወር ባንክ ላይ ሰካው። ሳሎናችን ሐምራዊ ሆነ። የምራቴ ሙድ ይህ ከሆነ ሙድ ማለት የምትበላውን አለማየት ነው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ከፊት ለፊት ብሎክ መስኮታችንን ያዩ ሰዎች እሳት መስሏቸው ነው። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ በስልክ መብራት መጡ፤ ጥበቃው ዱላውን ይዞ መጣ፤ ነጠላ ያለበሰችው ጎረቤታችን መጣች፤ የደረጃው ልጆች በሙሉ ተከትለው ገቡ። ሁሉም እጁን አስነካ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ያን ሁሉ ሰው በጨለማ ተሰብስቦ፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ዋይፋይ ሞቶ ሳይ አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ተነሳ። የድሮ ክፍሌ ነው!

ሮጥኩ ማለት እችላለሁ፤ በእኔ ዕድሜ እንደ ሩጫ ይቆጠራል። ከአልጋ ሥር የተቃጠለውን የጓዳ ፍሎረሰንት አወጣሁ። ባለቤቴ እስካሁን ያልጣልከው ለምንድን ነው እያለች ስትጨቀጭቀኝ የኖረችበት ዕቃ ነው። ለምን እንዳልጣልኩት ያን ዕለት ተገለጸ። «ይሄ የተቃጠለ ነው» ብዬ አሳየኋቸውና አንዱን ጫፍ ኳሱ ላይ አስጠግቼ መሐሉን በእጄ ያዝኩት።

በራ።

ሽቦ የለ፣ ሶኬት የለ፣ የተቃጠለ ፍሎረሰንት እጄ ላይ በራ! ከኳሱ እስከ መዳፌ ድረስ ነጭ ሆነ፤ ከመዳፌ ወዲያ ጨለማ። መዳፌን ወደ ላይ ሳነሳ ብርሃኑ ይረዝማል፤ ሳወርደው ያጥራል። ጎረቤታችን አማተበች። ጥበቃው «ኧረ ጋሼ!» አለ። ሰብሳቢው ስልካቸውን እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ትልቋ የልጅ ልጄ ቪዲዮ ለመቅረጽ እንኳ አላስታወሰችም፤ ይህን በታሪክ መዝግቡልኝ።

ከዚያ ከሁለተኛው ፎቅ የምትመጣ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ወደ እኔ ቀረበች። «አባባ፣ ተቃጥሏል አላልክም እንዴ? ታዲያ ምኑ ነው የሚበራው?»

ጌታዬ! ዕንባዬ መጣ። ተቃጥሏል ስንል ጫፉ ላይ ያለችው ክር ተበጥሳ እንጂ ውስጡ ያለው ጋዝ እንዳልተነካ፣ ኳሱ ከውጭ ሆኖ ጋዙን መቀስቀስ እንደሚችል፣ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ልነግራት ፈለግሁ። እንዳላስበረግጋት ቀስ ብዬ ጀመርኩ። «ጎበዝ ልጅ። እሺ፤ መጀመሪያ አቶም የሚባል ነገር አለ። በዙሪያው ደግሞ…»

«መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ከታችኛው ፎቅ ተነሳ። ብሎኩ በሙሉ እልል አለ። አምፖሉ ቦግ ሲል ኳሱ ደበዘዘ፤ ፍሎረሰንቱም ከነጭራሹ የበራ አይመስልም። ሰብሳቢው ዜና ሊያመልጣቸው ነው፤ ወጡ። ጥበቃው በሩን ጥሎ መምጣቱ ታወሰው። ልጆቹ ደረጃውን በጩኸት ወረዱት፤ ጥርሰ ወላቃዋም ከመሐላቸው ነች፤ ካርቱን ጀምሯል አሉ። ባለቤቴ ከጓዳ «ያንን አስቀምጥና ምጣዱን ስካልኝ፤ ሊጡ ሊያልፍበት ነው፤ ደግሞ ሳይሄድ!» አለችኝ።

ፍሎረሰንቴን ይዤ ሳሎን መሐል ቆሜ ቀረሁ። የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ዘሎ ወጣና ትራሱን እያገላበጠ መፈለግ ጀመረ።

«አባባ፣ ሪሞት የት አለ?»

«ይኸው ነኝ» አልኩት።

አልገባውም። ሶፋው ሥር ገብቶ ፈለገ።